በበራቸው መስኮት ይጠየቁ የነበሩት የአቶ ዲበኩሉ ኃይለጊዮርጊስ ዜና ሕይወት

አቶ ዲበኩሉ፣ በሸንኮራ ቆረጣ ሥራ ተቀጥረው ወንጂ ከገቡት አባታቸው ከአቶ ኃይለጊዮርጊስ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፉ ደምሴ በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያው በወንጂ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በፋብሪካው ጋራዥ ብየዳ ለምደው፣ ለብዙ ዓመታት በሙያው አገልግለው፣ ኋላም ወደ አዳማ ተዛውረው የራሳቸውን ብየዳ ቤት ከፈቱ። እዚህ ከቆማችሁት የብዙዎቻችሁ የግቢ በር የእሳቸው እጅ ሥራ ነው።

ከእኔ ከፈይሳ እኅት ከወይዘሮ ጉዲቱ ጉርሜሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው የምስራችንና ጋሮምሳን ወልደው አሳድገዋል። የዕድራችን የሕመምተኛ ጠያቂ ሆነው ከተመረጡ ወዲህ እግራቸው ያልረገጠው የታመመ ሰው ቤት አልነበረም፤ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው፣ እጅ ጨብጠው፣ ግንባር ስመው፣ እውነቱን ለመናገር በሽተኛውን እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ቶሎ አይነሡም ነበር።

አምና የደም ካንሰር ተገኝቶባቸው ኬሞ ሲጀምሩ፣ መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎችም አብሮ ስለሚያመናምን፣ ሐኪማቸው ጠያቂ እንዳይበዛባቸው፣ ትኩሳት ከተሰማቸው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ማስታገሻ ሳይውጡ በቀጥታ ሆስፒታል መጥተው በደም ሥር የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ እንዲጀምሩ አጥብቀው አስጠነቀቋቸው። ስለዚህ በራቸውን ዘጉ። ጠያቂ ከለከለ ብላችሁ ያኮረፋችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እሳቸው ግን የበሩን ላሜራ አስቆርጠው ትንሽ መስኮት አሠሩና በዚያ በኩል ውጭ ከቆመው ሰው ጋር ሰላም ይባባሉ ነበር።

የመጀመሪያው ትኩሳት ሲነሣባቸው ወዲያው ተወስደው፣ የምርመራው ውጤት ሳይጠበቅ አንቲባዮቲኩ ተጀምሮላቸው ድነው ተመለሱ። ሁለተኛው የመጣው የምስራችን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ከደራ በመጡበት፣ በሩም በተከፈተበት ቀን ነበር። ጠዋት ብርድ ብርድ ሲላቸው የልጃቸው ቀን እንዳይበላሽ ለማንም ሳይናገሩ ፓራሲታሞል ዋጡ፤ ትኩሳቱም በረድ ስላለላቸው ልጃቸውን ሰጥተው፣ መርቀው፣ እንግዶቹን ሸኙ። ማታ ሲወድቁ ኢንፌክሽኑ በደማቸው ተሰራጭቶ ነበር። ሐኪሞች አንቲባዮቲኩን ሰጥተው፣ ሌላ ጠንካራም ጨምረው ቢረባረቡም፣ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐረፉ።

የምስራች በእኔ ምክንያት ነው እያለች ታለቅሳለች፤ ሽማግሌዎቹም በሽታ ይዘንባቸው ገብተን ይሆን ብለው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሐኪማቸው እንዳስረዱን፣ ባክቴሪያው በገዛ አንጀታቸው ይኖር የነበረ እንጂ እንግዳ ያመጣው አይደለም፤ የጎዳቸው መዘግየቱ ነው። ይህ በዜና ሕይወታቸው እንዲነበብ ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው፤ አፋቸው ሳይያዝ፣ ልጃቸውን ማንም እንዳይወቅስ፣ እሷም ራሷን እንዳትወቅስ፣ ኬሞ የሚወስድ ሰው ግን ሠርግም ይሁን ሽምግልና ትኩሳቱን እንዳይደብቅ አደራ ብለዋል። እኔን ግን ይህን ሁሉ እያወቁ ዝም ማለታቸው እስካሁን ያናድደኛል።

አቶ ዲበኩሉ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኅታቸውን ወይዘሮ የሺዓለምን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን። ከቀብር ስንመለስ በራቸው ክፍት ነው፤ በመስኮቱ ሰላም ስትሏቸው የነበራችሁ ሁሉ ግቡ፤ ከየምስራች አጠገብም ተቀመጡ፤ እንደ እሳቸው ቶሎ አትነሡ።