ከተራራው ሥር ያለውን ያነበበች

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ በዚህ ፀሐይ እስካሁን በመቃብሯ ዙሪያ ስለቆማችሁላት አመሰግናለሁ። ረጅም ንግግር አትወድም ነበር። ስብሰባ ላይ ሰው ሲያረዝም ሰዓቷን ፈትታ ፊቱ ታስቀምጥለት ነበር። ስለዚህ አሳጥራለሁ።

እኔ በእሳተ ገሞራው ተራራ መከታተያ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኗ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። እኛ "አጉሊ" ነበር የምንላት፤ አጉሊ መነጽሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ። ሥራዋ ድንጋይ ማንበብ ነበር። ተራራው የተፋውን ድንጋይ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ትፍቀዋለች፤ ማይክሮስኮፕ ሥር ታስገባዋለች፤ ከዚያ ምድር ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ትነግረናለች።

ምን ነበር የምትነግረን? አብዛኞቻችሁ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሰምታችኋታል። የባሕሩ ወለል በየዓመቱ ጥቂት ጣት እየተንፏቀቀ ከእግራችን ሥር ይገባል። ሲገባ በዐለቱ ውስጥ ውሃ ይዞ ነው። ጥልቁ ጋ ሲደርስ ሙቀቱና ጫናው ውሃውን ያስለቅቀዋል። ውሃው ከላይ ወዳለው የጋለ ዐለት ይዘልቃል፤ ዐለቱም ይቀልጣል። ያኔ ከኋላ አንዲት እናት ተነሡ።

"ልጄ፣ ውሃ እሳት ያጠፋል እንጂ ድንጋይ ያቀልጣል እንዴ?"

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"እማማ፣ እኔም ይህ እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። በረዶ ላይ ጨው ሲነሰንሱበት ሳይሞቅ ይቀልጥ የለ? ውሃም ለጋለ ድንጋይ እንደዚያ ነው። ድንጋዩ ድሮም ግሏል፤ ውሃ ሲገባበት አልችልም ይላል።"

ያ ቅልጥ ዐለት ወዲያው አይወጣም። ከተራራው ሥር ይጠራቀማል። እየበረደ ሲሄድ ክሪስታል ይሠራል፤ የቀረው እየወፈረ፣ እየተጣበቀ ይሄዳል፤ ጋዙን አፍኖ ይይዛል። ክፉው ነገር ከታች ሌላ ትኩስ ቅልጥ ሲጨመርበት ነው፤ ያኔ የታፈነው ጋዝ ተራራውን ያፈነዳዋል።

የመጀመሪያውን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ውጡ አለች፤ ወጣችሁ። አሥራ አንድ ቀን በድንኳን አደራችሁ። ተራራው ግን ዝም አለ። ስትመለሱ መንገድ ላይ ሰላም የሚላት ጠፋ። ታላቅ ወንድሟ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ይኸው እዚህ ቆሟል፤ ይህን እንድናገር ፈቅዶልኛል። "የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ" ብሏት ሁለት ዓመት አላናገራትም።

ሥራ ለቀቀች? አልለቀቀችም። አኮረፈች? አላኮረፈችም። በማግስቱ ጠዋት ስገባ የድሮ ድንጋይ ስትፍቅ አገኘኋት። "ተሳስቻለሁ። የቱ ጋ እንደሆነ ልወቅ" አለችኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተራራው ትንሽ አመድ ተፋ። ከልብስ ላይ የሚራገፍ ያህል። እሷ ግን አመዱ ውስጥ ክሪስታሎች አገኘች። መሃላቸው አሮጌ ነው፤ ዳር ዳራቸው ግን አዲስ ቀለበት ሠርቷል። ቀለበቱ ጥርት ያለ ነው፤ ቢቆይ ኖሮ ሙቀቱ ያደበዝዘው ነበር። "ትኩስ ቅልጥ ከታች ገብቷል። ከገባም ወር አልሞላውም" አለች።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ፈራሁ። "አሁንም ከተሳሳትሽ ይቺ ከተማ አታኖርሽም። ትንሽ እንጠብቅ" አልኳት።

"በሕይወት ይኑሩና ይስደቡኝ" አለች።

ማይክሮስኮፑን አቅፋ ወንድሟ ዳቦ ቤት ገባች። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ወንድም ጋሼ፣ አንዴ እይልኝ።"

እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጎንበስ አለ። "ምንም አይታየኝም።"

"ዳር ዳሩን እይ። ቀጭን ነጭ መስመር።"

ፈልጎ አገኛት። "ይቺን ነው የምትፈሪው?"

"ይቺን ነው።"

"የዛሬ ሁለት ዓመት ነበረች?"

"ያኔ ተራራው ምንም አልተፋም። መንቀጥቀጡን ብቻ ነበር የማውቀው።"

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሄዶ ምድጃውን አጠፋ።

ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ ሰፈሩ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ጋጋሪው ራሱ በየበሩ እየዞረ "እህቴ ውጡ ብላለች፤ እኔ ወጥቻለሁ" አለ። በዘጠነኛው ቀን ተራራው ፈነዳ። የታችኛው ሰፈር፣ ዳቦ ቤቱም ጭምር፣ በአመድ ተቀበረ። ከእናንተ ማን ጎደለ? አንድም ሰው አልጎደለም።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ልጠይቃት ሄድኩ። ልቧ ደክሞ ነበር። እሷ ግን የወሩን ሪፖርት አስነበበችኝ። "'ምናልባት' ሦስት ጊዜ ጽፈሃል። አንዷ ትበቃለች፤ ሁለቱን ፈርተህ ነው የጻፍካቸው" አለችኝ። እዚያው አልጋዋ አጠገብ ሰረዝኳቸው።

አሁን ተራራው ጸጥ ስላለ ጣቢያውን እንዝጋው የሚሉ አሉ። አይዘጋም። እኛ እዚህ ቆመን ሳለ እንኳ የባሕሩ ወለል እየገባ ነው፤ ውሃው እየተለቀቀ ነው፤ ዐለቱ እየቀለጠ ነው። አይዘጋም። ሊዘጉት የሚመጡ ካሉ እዚህ የቆመውን ሰው ሁሉ በር ላይ ያገኙታል።

እህቴ፣ ነገ ጠዋት እዚህ አጠገቤ የቆመችው ልጅሽና እኔ ወደ ተራራው ምሥራቃዊ ስንጥቅ እንወጣለን። ጋዙን እንለካለን፤ አዲስ አመድ ካለ እንሰበስባለን። ልጅሽ የተራራ ጫማዋን ትናንት አዘጋጅታለች። አንቺ ደክመሻል፤ ዕረፊ። ደህና ሁኚ።