የቡልቡላው መታጠፊያ ጣሳዎች

ባለፈው ጥቅምት ሻሸመኔ ያለችውን አክስቴን ሃፍሳን ጠይቄ ወደ አዳማ ስመለስ፣ ቡልቡላ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን አንድ መታጠፊያ ላይ ሚኒባሱን አስቆምኩ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ግራ ቀኙን አየና፣ "እናቴ፣ እዚህ እኮ ማንም የለም" አለኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የአቢጃታ ሐይቅ ዳር በሩቁ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ከዚያ የሚነሳው ነፋስ ጨው ጨው ይላል። ሚኒባሱ ሲርቅ ጸጥታ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ድምፅ ሰማሁ። አፋቸውን ዘግተው የሚያንጎራጉሩ ብዙ ሰዎች ያሉ ይመስላል። ዞሬ ባይ ግን አንድ ግራር፣ ከግራሩ ሥር አንድ የቆመ አይሱዙ፣ በአይሱዙው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

የዚያን ግራር ነገር ልንገራችሁ። ከዓመት በፊት ወንድሜ ሰዓድ እዚያ ሞቷል። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ ሲመጣ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ከአስፋልቱ ወርዶ ግራሩን ተደግፎ ቆመ። መስታወት አልተሰበረም፤ ከጭነቱ አንድ ሙዝ አልወደቀም። ሰዎች ሲደርሱ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ዓይኑን ገልጦ ወደ ፊት ያያል። ለማረፍ የቆመ መስሏቸው ሦስት ጊዜ ሰላም ብለውታል።

ሽማግሌው ኦቦ ጉደታ ነበሩ፤ ወንድሜ ይነዳው የነበረው መኪና ባለቤት። የሁሩታ ሰው ናቸው፤ ኑሯቸው አዳማ ነው። የኢነርጂ መጠጥ ጣሳ ከፍተው የመጀመሪያውን ጉንጭ ከግራሩ ሥር ሲያፈሱ ደረስኩባቸው። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ቀጥለውም አፈሩ።

"አካም ጅርታ፣ ዙለይካ። አንቺም መጣሽ?"

ስለ ጤናቸው ጠየቅኋቸው፤ ስለ ሰዓድም አላህ ይዘንለት ተባባልን። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ መሬቱን ያየው። ባዶ የኢነርጂ ጣሳዎች፣ ከሁለት መቶ የማያንሱ፣ አፋቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው በረድፍ ቆመዋል። ነፋሱ በአፋቸው ሲገባ ያ ድምፅ ይወጣል። ከረድፉ ማዶ አንድ አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ ወፍ ክንፉን አጥፎ፣ ለቀስተኛ መስሎ ቆሞ ያየናል።

ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ የሚያደርገው መሆኑን አስረዱኝ። ሰዓድ ዓይኑን ሳይከድን ስለሞተ መታጠፊያውን የሚጠብቀው እሱ ነው ይላሉ። ያለፈ ሁሉ አንድ ይጠጣል፣ ለእሱም ጉንጭ ያፈስለታል፣ ጣሳውን ያቆምለታል። ሳይጠጣ ያለፈውን እንቅልፍ እዚሁ ይወስደዋል ይባላል።

እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። አዳማ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ከወንድሜ ሞት ወዲህ ግን በሱቄ የሚሸጠውን ሁሉ ጽሑፉን ሳላነብ አላሳልፍም። ያልገባኝን ጎረቤቴን ፋርማሲስቱን ፈቃዱን እጠይቃለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ኦቦ ጉደታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንድሜን የገደለውን ነው ወይ የምታጠጡት?"

"ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም። ይሄ ብርታት ነው። አሁን መኪናውን የሚነዳው ልጄ ያደታ በስልኩ አንብቦልኛል። ታውሪን የሚባል ነገር አለበት፤ ለልብ ጥሩ ነው ይላል። ስሙም የኮርማ ነው አሉ። የኮርማ ኃይል ሰው ይገድላል?"

"ስሙ ከበሬ የመጣው መጀመሪያ ያገኙት በበሬ ሐሞት ውስጥ ስለሆነ ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ግን በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ኮርማ አልደረሰበትም።"

"እንኳን ከሐሞት ሆነ። ሐሞት የሌለው ሰው ጭነት አይነዳም" አሉና ሳቁ። ሳቃቸው በጣሳዎቹ ድምፅ ውስጥ ሲገባ ደስ አይልም ነበር።

የተነበበላቸው ውሸት አለመሆኑን ነገርኳቸው። ታውሪን አሚኖ አሲድ ነው፤ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፣ ከሥጋና ከዓሣም እናገኘዋለን። ለልብ፣ ለዓይን፣ ለጡንቻ ሥራ ያስፈልጋል። የደም ግፊትን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል ያሉ ጥናቶች አሉ። አይጦች ላይ ዕድሜ ጨምሯል ተብሏል፤ በሰው ላይ ግን ያረጋገጠ የለም። በአንድ ጣሳ ያለው አንድ ግራም ያህል ታውሪን ብቻውን ጤነኛ ሰው ይጎዳል የሚል ማስረጃ አልተገኘም።

"ታዲያ!" አሉ። "ራስሽ መሰከርሽ።"

"ለታውሪኑ መሰከርኩ፤ ለጣሳው አልመሰከርኩም። ከእሱ ጋር ካፌይን አለ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርም አለ። አንዱን ሲጠጡ ልብ ይፈጥናል። አራቱን በአንድ ቀን፣ ጫት ተቅሞበት፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ በዚህ ሙቀት ሲጨምሩበት ምን እንደሚሆን አስበውታል? አብረው ሲበዙ የሚያደርሱትን ተመራማሪዎቹም ገና አልጨረሱትም። የልብ ሕመም ያለበት፣ እርጉዝ፣ ሕፃን፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከነጭራሹ ሐኪም ሳይጠይቅ መንካት የለበትም። ደግሞም ኦቦ ጉደታ፣ ይሄ ነገር እንቅልፍን አያጠፋውም። ይደብቀዋል እንጂ።"

ሽማግሌው የድሮውን አነሱ። በወጣትነታቸው ከሁሩታ እህል በአህያ ጭነው ቆላ ሲወርዱ ሦስት ቀን ይጓዙ እንደነበር፣ የዛሬ ልጅ ግን መኪና ላይ ተቀምጦ ደከመኝ እንደሚል፣ እሳቸው ለሹፌሮቻቸው ሁለት ሁለት ጣሳ መርቀው የሚሰጡትም ለዚህ እንደሆነ ነገሩኝ።

"አህያው ሲደክም ምን ያደርጉ ነበር?" አልኳቸው።

"ጭነቱን እናወርድለታለን። ጥላ ሥር ይቆማል። ውኃ ይጠጣል።"

"ዱላ አይጨምሩበትም?"

"አህያ እኮ ነው! የደከመ አህያ ብትመቺው ወድቆ ይሞትብሻል።"

"እንግዲያው ልጅዎን የአህያዎን ያህል እንኳ ይዘኑለት። ይሄ ጣሳ የደከመ ሰው የሚመታበት ዱላ ነው።"

በዚህ አነጋገሬ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም። አንገታቸውን አዙረው ወደ መኪናው አዩ። ያደታ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጭነቱ የአርባ ምንጭ ሙዝ ነው። ሁለት ሌሊት እንዳልተኛ ኋላ ነው የሰማሁት፤ የዓይኖቹ መቅላት ግን ከሩቅ ይታያል። መስታወቱን ዝቅ አደረገና፣ "አባ፣ እንሂድ። ልቤ እንደ ተያዘች ወፍ እየተንፈራገጠች ነው" አለ።

አባ ኮዳው ክንፉን ዘርግቶ እንደገና አጠፈ። ነፋሱም በዚያች ቅጽበት በረታና ጣሳዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ጮኹ።

ለማንም ያልነገርኩትን ለኦቦ ጉደታ የነገርኩት ያኔ ነው።

"ይህንን ቃል ሰዓድ ለእኔ ብሎኛል። እንዲሁ ነው ያለኝ፣ እንደ ተያዘች ወፍ። ለመጨረሻ ጊዜ ከአዳማ ሲነሳ ሱቄ መጣ። ፍቅር ይዞህ ነው ብዬ ሳቅሁበት። አራት ጣሳ ከመደርደሪያዬ አውርጄ፣ ብርታት ይሁንህ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ልብህን ታይ ብሎት ደብቆን እንደነበር ያወቅነው ከቀበርነው በኋላ ነው። ጣሳው ብቻውን ገደለው አልልም፤ ሐኪሙም አላለም። ልቡም ነበረ፣ ድካሙም፣ ሙቀቱም። ነገር ግን ሊተኛ የሚገባውን ሰው እንዳይተኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዓይኑ የተገለጠው ሊጠብቃችሁ አይደለም፣ ኦቦ ጉደታ። የሚያስተኛው ሰው ስላጣ ነው።"

ሽማግሌው በእጃቸው የቀረውን መጠጥ አዩት። መሬት ላይ አፈሰሱት፤ አሁን ግን ለማንም አልነበረም። ወደ ጋቢናው ሄደው እጃቸውን በመስኮት አስገቡና የመኪናውን ቁልፍ ነቀሉ።

"አባ፣ ሙዙ!" አለ ያደታ።

"ሙዙ ይጥቆር። ውረድ።"

ባጃጅ አስቁመን ቡልቡላ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ የልቡን ምት ስትቆጥር ፊቷ ተለወጠ። ሐኪም ጠራች፤ አልጋ ሰጡት፣ ውኃ አጠጡት፣ ክትትል አደረጉለት። አዳማ ደርሶ ልቡን በመሣሪያ እንዲታይ ጻፉለት፤ ይህን ሳያደርግ መሪ እንዳይዝም ነገሩት። ከዚያ ተኛ። ኦቦ ጉደታ ወንበር ስበው እግሩ ሥር ተቀመጡና፣ "ሲተኛ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!" አሉ፤ ልጃቸውን ገና የወለዱት ይመስል ነበር።

እኔ አመሻሹ ላይ አንድ ማዳበሪያ ይዤ ወደ ግራሩ ተመለስኩ። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ባነሳሁ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ ሄደ፤ የመጨረሻውን ሳነሳ ግን አልቆመም። ማዳበሪያው ውስጥ ሆነው ያንጎራጉሩ ነበር።

በማግሥቱ ኦቦ ጉደታ ጤነኛና እንቅልፍ የጠገበ ሹፌር ከባቱ አስመጡ፤ ያደታን መሐል አስቀምጠን ተነሳን። ማዳበሪያው እግራችን ሥር ነው። መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ድምፁ ተነሳ። ኦቦ ጉደታ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ማዳበሪያው ላይ አሳረፉ፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

"ራፊ፣ ሰዓድ" አሉ በኦሮምኛ። "ተኛ፣ ልጄ።"

ድምፁ ቆመ። ያስቆመው ነፋሱ ይሁን እጃቸው አላውቅም። እኔ የሰማሁትን ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ የኦቦ ጉደታ ሹፌሮች ሳይተኙ ጭነት ይዘው አይነሱም፤ ለአርባ ምንጭ መንገድ ሁለት ሆነው ይወጣሉ፣ ጋቢናቸው ውስጥም የውኃ ጀሪካን አለ። ሙዙ ግማሽ ቀን ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሰዎቹ ግን ይደርሳሉ። ያደታ ልቡ ላይ ከልጅነቱ የነበረ ችግር ተገኝቶበት መድኃኒት ይወስዳል፤ ወፏ ተረጋግታለች ይለኛል። እኔም ሱቄ ውስጥ መጠጡን ፈጽሞ አላጠፋሁትም። ለጤነኛ አዋቂ አንዱን እሸጣለሁ፤ ለልጅና መሪ ለያዘ ሰው ግን ስጪኝ ሲለኝ የምሰጠው ምክር ነው። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ ሲተኛ ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ አየዋለሁ።

ሰዓድ ከሞተ ጀምሮ መንገድ ላይ ዓይኔን መክደን አልችልም ነበር። አሁን ሃፍሳን ጠይቄ ስመለስ፣ ያ ግራር ከሩቅ ብቅ ሲል፣ ራሴን መስኮቱ ላይ አስደግፋለሁ። ረዳቱ "አዳማ ደርሰናል፣ እናቴ" ብሎ እስኪቀሰቅሰኝ ድረስ እተኛለሁ።