ስልክ የምትጾመው ተማሪ

ከአባይ ማዶ በተሳፈርሁበት ታክሲ፣ ከፊቴ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎችና አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠዋል። የአንደኛዋ ተማሪ ስልክ ይጮኻል፤ እሷ ዝም ብላ ታየዋለች።

«አንሺው እንጂ!» አለቻት ጓደኛዋ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልነካውም። የነፍስ አባታችን ስልክ እንድጾም ቀኖና ሰጥተውኛል።»

«ምን አድርገሽ?»

«እማዬ ነግራብኝ ነዋ! ቲክቶክ ላይ ውላ ታድራለች ብላ።»

«ወንድምሽስ? እሱ አይብስም እንዴ?»

«ይብሳል። ግን ወንድ ልጅ ቤት ከዋለልኝ ይበቃኛል ትላለች። እኔማ ትናንት መጾሜን ሊያጣሩ አባ ራሳቸው ደወሉልኝ።»

«አነሳሽው?»

«ባነሳ ጾሜ ይፈርሳል፤ ባላነሳ ድፍረት ነው። አልጋ ስር ከትቼው ቁጭ አልሁ።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ውይ፣ እማዬ ናት! ምን ሆና ይሆን? እማማ፣ እባክዎ እርስዎ ያንሱልኝ።»

ሴትዮዋ ተቀበሏት።

«ሀሎ! ደህና ናት፣ አጠገቤ ናት። ጾም ላይ ሆና ነው ያላነሳችው… እህ… ጾሟስ ታዲያ?… እሺ፣ እነግራታለሁ።»

«ምን አለችዎት?»

«ወንድምሽ ምሳ ቀርቦለት ከክፍሉ አልወጣም ብሏል። ቢጠሩት አይሰማም። በቲክቶክ ጻፊለትና ወጥቶ ይብላ ነው የሚሉት።»

«ጾሜስ?»

«ለወንድሟ ከሆነ አይፈርስባትም ብለዋል።»

እኔም ለወንዱ ልጄ «ምሳህን ብላ» ብዬ የጻፍሁትን መልእክት ሳልልከው አጠፋሁት።