በክንድ ሳይሆን በጀርባ

ለፈረንሳይ ዘመቻ የሚቀርቡትን ቀስተኞች ስም የጻፍኩት እኔ፣ የደብራችን ጸሐፊ ነኝ። ከስሞቹ አንዱ ሰላም ነሳኝ፤ የአናጢው የዋይመንድ ልጅ ተርስታን። የንጉሡ መልማይ ሊመጣ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕጉ እንደሚያዘው፣ ወንዱ ሁሉ ወደ መለማመጃው ሜዳ ይወርዳል። እኔም ስወርድ ወንዙ መሻገሪያ ላይ አቪስን አገኘኋት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደጋን የምትጠርበው እሷ ናት። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ተርስታን ማንኪያ በግራ እጁ መያዝ የጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ልብ አላልኩም ነበር።

ሜዳው ላይ ተርስታን የአባቱን ደጋን እየሳበ ነው። ቀኝ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቷል፣ ወገቡ ወደ ኋላ ተለምጧል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀስቱ ዒላማው ጋ ሳይደርስ ሣሩ ላይ ወደቀ። ዋይመንድ እጁን አጣምሮ «ድገም» አለው።

«ጋሼ ዋይመንድ፣ ካልተቆጡ አንድ ነገር ልናገር?» አለች አቪስ።

«ብቆጣስ መቼ ልትተዪ?»

«ልጁ የሚስበው በክንዱ ነው። ክንዱ እየሞተ ነው።»

ዋይመንድ ሳቀባት። እሱም በዚህ ደጋን ሁለት ዓመት እንዳለቀሰ፣ ትከሻን የሚከፍተው ሕመም እንደሆነ፣ ቀላል ደጋን የሴት መጫወቻ እንደሆነ ነገራት። እውነት ለመናገር እኔም እስከዚያ ቀን እንደሱ ነበር የማስበው። ሰው የቆየው ሁሉ የተፈተነ ይመስለዋል።

«በሬ ቀንበሩን በቀንዱ ቢጎትት ስንት ትልም ያርሳል?» አለችው። «ጉልበቱ ያለው ጀርባው ላይ ነው። የሰውም እንደዚያው።»

«ሲለምድ ይበረታል።»

«ስህተትን ቢለምድ የሚበረታው ስህተቱ ነው፣ ጋሼ።»

እኔም ጣልቃ ገብቼ፣ የጠላት ፈረስ እስኪደርስ አንድ ሰው ስንት ቀስት እንደሚወረውር ጠየቅኩት። ዋይመንድ ያጣመረውን እጁን ፈታ። ልጁም ደጋኑን አወረደ።

«ሃሞ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» አለ ዋይመንድ። «ዘመቻ ላይ ከሁላችን ጉልበተኛ። ስምንተኛው ቀስት ላይ ክንዱ እምቢ አለው። እጁን እያየ ቆመ፤ ፈረሱን አላየውም። እስከ ዛሬ ፈርቶ ነው እል ነበር።»

ዋይመንድ ወደ ጎን ፈቀቅ አለላት። አቪስ ቀላል ደጋን ለተርስታን ሰጥታ ጎኑን ለዒላማው አዙሮ እንዲቆም፣ ትከሻውን እንዲያወርድ፣ ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት የትከሻ አጥንቶች ለውዝ በመሃላቸው እንደሚሰብር ሰው እንዲያቀራርብ አሳየችው። ሃያ ቀስት ወረወረ፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ዋይመንድ «እስቲ ስጪኝ» ብሎ እሱም ሞከረ። ሲጨርስ ፊቱን ከእኛ አዞረ።

አሥራ ሁለት ቀን ግን የተጎዳ ትከሻ አይጠግንም። መልማዩ ሲመጣ ያ ኩሩ ሽማግሌ በሰው ፊት ቆሞ «ልጄ አልደረሰም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። መልማዩ ተቆጣ፣ ኋላ ግን እስከ ጸደይ ቀጠሮ ሰጠው። ተርስታን ክረምቱን በቀላሉ ደጋን ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ከባዱ ከፍ አለ። በጸደይ የአባቱን ደጋን ሃያ አራት ጊዜ እስከ ጆሮው ስቦ ዘመተ።

በትክክል የተማረ ቀስተኛ ሩቅ ይወረውራል፣ ጉልበቱን ይቆጥባል፣ ጎን ለጎን የቆመውንም ያድናል። ይህን ማወቅ ግን ጭንቀትን አያስቀርም። ዋይመንድ ያን በጋ ሁሉ መንገድ መንገዱን ሲያይ ከረመ።

መከር ሲደርስ አንድ የቆሰለ የአገራችን ሰው ተመለሰ። ተርስታንን በሕይወት እንዳየው፣ ጉልበተኞቹ ደጋናቸውን ሲያወርዱ እሱ ይወረውር እንደነበር ነገረን። ዋይመንድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«ትከሻውን ያመዋል?»

«ኧረ፣ ምንም አይለውም።»

እስካሁን ቆሞ ይሰማ የነበረው ሽማግሌ ያኔ ተቀመጠ።