ማዪ ናምቤዌ የፈሩት ዓይን

እስቲ ዝም በሉ፤ ወንበር ያላገኛችሁም ጠጋ ጠጋ በሉ። የአምቡላንስ ሹፌር ንግግር ሲያደርግ ሰምታችሁ አታውቁም፤ ዛሬ ትሰማላችሁ።

ማዪ ናምቤዌን፣ እናታችንን፣ ወደዚህ ጤና ጣቢያ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ተቀብዬ፣ ሻንጣቸውን ጭኜ፣ ጋቢና አስቀመጥኳቸው። የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙና «ቀስ እያልክ ልጄ» አሉኝ። ሞተሩን ገና አላስነሳሁም ነበር። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ፣ አዲሷ የዓይን ነርስ እዚህ አገር ሳምንት አይቆዩም አልኳት። ይኸው እዚሁ ጡረታ ወጡ።

ይቅርታ ያድርጉልኝና ማዪ፣ እንደ እርስዎ ያለ ፈሪ አይቼ አላውቅም። ነጎድጓድ ይፈራሉ። ጀልባ ይፈራሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ሐይቅ ዳር ኖረው፣ አዞውን ፈርተው እግርዎን ውሃ ነክቶት አያውቅም። ብጉር እንኳ ይፈራሉ እኮ! ጥበቃችን ሲቶሎ ይመስክር፤ አፍንጫው አጠገብ ብጉር የወጣበት ጊዜ እንዳያዩት በጓሮ በኩል ነበር የሚገባው። ሲያፈርጠው እጅ ከፍንጅ ይዘውት፣ መርዙ ከዚያ ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ አንጎል እንደሚሄድ ሲነግሩት ምሳውን ሳይቀምስ ዋለ። ዓይኑ ያበጠ ሰው ካዩማ አለቀለት። «ጭንቅላትህን ሳታንቀሳቅስ ጣቴን ተከተል!» የሰፈራችን ልጆች እቃ እቃ ሲጫወቱ ጣታቸውን ቀስረው እርስዎን ይሆናሉ።

በሉ ሳቁ ይብቃን። አሁን የምናገረውን ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩም።

ያ ትንንሹ የሐይቅ ዝንብ እንደ ደመና ተነስቶ ወደ ዳር የመጣ ሰሞን ነው። ያኔ መቼም ሁላችንም ድስታችንን ይዘን እንወጣለን፤ አፍሰን፣ ጠፍጥፈን፣ ጠብሰን በንሲማ ገንፏችን እንበላዋለን። በዚያ ሰሞን ዓይኑ የማያብጥ ልጅ የለም፤ ያበጠውን ሁሉ ዝንብ ገባበት ብለን አጥበን እንተወዋለን። የእኔ ልጅ ታማንዳም ዓይኗ ሲያብጥ መንደሩ በሙሉ ዝንብ ነው አለ። ጉንፋን ይዟት ሰንብቶ ነበር፤ ያንን ማን ከዓይን ጋር ያያይዘዋል? በማግስቱ ሰውነቷ እንደ እሳት ሲፋጅ እናቷ አዝላ አመጣቻት። ሰልፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዓይኑ ያበጠ ልጅ ነበር።

ማዪ ልጆቹን አንድ በአንድ እያዩ መጥተው ታማንዳ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው ጣቴን ተከተዪ አሏት። ደህናው ዓይን ተከተለ። ያበጠው ወደፊት ገፍቶ እንዳፈጠጠ ቀረ። 

«ይሄ ዝንብ አይደለም» አሉ። «መግሉ ከዓይኗ ጀርባ ነው። ሞፋት፣ መኪናህን አስነሳ።»

መርፌ ወግተዋት መኪናው ኋላ አቅፈዋት ተቀመጡ። ሁልጊዜ ቀስ በል የሚሉኝ ሴት «ፍጠን፣ አሁንም ፍጠን» ሲሉኝ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። በየመሃሉ ደህናውን ዓይኗን በመዳፋቸው ሸፍነው የአባትሽ ሸሚዝ ቀለሙ ምንድነው ይሏታል። ቀይ ነው ትላለች። ድልድዩን እንዳለፍን ደግመው ጠየቋት።  ልጄ «ጠቆረ» አለች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ መሪውን እንዴት እንደያዝኩት አላስታውስም።

ሆስፒታል እንደደረስን ወዲያው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ ቆመን፣ ዓይኗ ይተርፋል ወይ፣ እሷስ ትተርፋለች ወይ አልኳቸው። እንዲዋሹኝ ነበር የፈለግኩት።

«አላውቅም ሞፋት» አሉኝ። «እኔም ፈርቻለሁ። እጄን ያዘኝ።»

ያዝኳቸው። ሐኪሙ መግሉን አውጥቶ እስኪመለስ ድረስ እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ቆምን። ታማንዳ ያቻትላችሁ፣ ቶብዋ የምትቀዳላችሁ። በሁለቱም ዓይኗ ታያለች።

ማዪ፣ እዚህ አገር ደፋር ሞልቷል። ምንም አይደል፣ ይተዋታል የሚል ደፋር። እኔ ለልጄ ብፈራ ወግ ነው፤ አባቷ ነኝ። እርስዎ ግን የማያውቁትን ሰው ልጅ ሁሉ እንደ ራስዎ ልጅ ሲፈሩለት ኖሩ። ይህ ልብ እንዴት እንደሚያደክም ያን ቀን እጅዎን ስይዝ አውቄዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ በላይ ቃል የለኝም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ማዪ፣ ጓሮዎ ካሳቫ ይሙላ፤ የልጅ ልጆችዎ ይክበቡዎት፤ እንቅልፍዎ የሰላም ይሁን። ከነገ ጀምሮ የማንም ዓይን አያስደንግጥዎ።

ዛሬ ጠዋት ግን የዝንቡን ደመና ሐይቁ ላይ አይቼዋለሁ፤ ወደ ዳር እየመጣ ነው። እኔ ፈርቻለሁ። እባክዎን ስልክዎን አያጥፉት።