ገብጋባ ማን ነው?

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከሸዋ በር ወደ ኤረር በር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ባሏን አኩርፋ የወጣችውን የእህቷን ልጅ ወደ ባሏ ቤት ልትመልስ ይዛት ትሄዳለች።

«ገብጋባ ነው አልኩዎት እኮ፣ አክስቴ!»

«አስተግፊሩላህ! ገብጋባ ማለት ምን እንደሆነ መች አወቅሽና? ምን ነፈገሽ?»

«ብርቱካን ነጋዴ ሆኖ፣ ቤት ይዞ የሚገባው የላሸቀውን ነው።»

«እሱስ የቱን ይበላል?»

«ያንኑ።»

«ይሄማ ቆጣቢ ነው! ገብጋባ ጥሩውን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን የሚነፍግ ነው። ቃሉን ሳታውቂ ትዳርሽን ታፈርሺ?»

«ባለፈው ሊጠይቁን መጥተው አልነበር?»

«መጣሁ። ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ቤት ውስጥ ምንም የለም አላችሁኝ።»

«ነበረ። ድምፅዎን ሲሰማ ብርቱካኑን አልጋ ሥር ደበቀው።»

«ጥሩውን?»

«የላሸቀውን።»

«የላሸቀውን? ከኔ?»

«ከርስዎ።»

«ሾፌር! አቁምልን፣ እንመለሳለን!»

እነሱ ሲወርዱ፣ ሰው አይቶ እንዳይጠይቀኝ ጭኔ ላይ በነጠላዬ ሸፍኜ የያዝኩትን፣ የዘይቱን ፍሬ የሞላበትን ዘንቢል ቀስ ብዬ ገለጥኩት።