ያለፍኩት ቃል

አባቴ የቆሽት ካንሰር እንዳለበት ለእኛ ለቤተሰቡ ተነግሮን ነበር። እሱን ግን ጨጓራ ነው አልነው፤ የካንሰር መድኃኒቱን፣ ኬሞውንም፣ «ለጨጓራህ የሚሰጥ ግሉኮስ» እያልን ስድስት ወር አስቀጠልን። አንድ ቀን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝና፣ ከኬሞው ጋር አንቲቦዲ የሚባል መድኃኒት አብረው የሚሞክሩበት ጥናት እንዳለ ነገረኝ። «ይጥቀም አይጥቀም ገና አልታወቀም። ለመግባት ግን አባትሽ ራሳቸው በሽታቸውን አውቀው መፈረም አለባቸው» አለኝ።

አባቴን ጀሞ ባለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ አስቀምጬ የጥናቱን የስምምነት ወረቀት አነበብኩለት። ካንሰር የሚለው ጋ ስደርስ ዘለልኩት።

«አለፍሽው» አለኝ። «የመጀመሪያው ቀን እኮ ሐኪሙን በዓይንሽ ስትጠቅሺው አይቼሻለሁ። እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» እስክሪብቶውን ተቀብሎኝ ፈረመ። ከዚያ፣ ድሮ እዚሁ ገበሬ ሳለ ጤፍ ይወቃበት የነበረው አውድማ የትኛው ሕንፃ ሥር እንደቀረ በጣቱ አሳየኝ።

አቅሙ ደክሟል ብለው ጥናቱ ውስጥ አላስገቡትም፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። አሁን በዚያ በረንዳ ስቆም አውድማው የት እንደነበር አውቃለሁ። ከአውድማው ወዲያ ያለው መሬት ምን ይባል እንደነበር ግን የምጠይቀው ሰው የለኝም። ስድስት ወር ሙሉ ስለ ጨጓራ ነበር ያወራነው።